የቅዳሜው ሰሌዳ

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ፣ ባጃጆች ተሰልፈው ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ኤርሲዶ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በአንዲት የእግር ስፌት መኪና ሲሰፋ ኖሯል። የተማሪ ዩኒፎርም ያጠባል፣ የሱሪ ጫፍ ያሳጥራል፣ ዚፕ ይቀይራል። ከሆሳዕና መጥቶ ጅማ ሲቀመጥ የገዛው የመጀመሪያ ንብረት ያቺ መኪና ናት። ሚስቱን ሐዳሳን ያገባት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሐዳሳም ቅደም ተከተሉን አትረሳውም።

«እኔኮ ሁለተኛዋ ነኝ» ትላለች ለጎረቤት። «የመጀመሪያዋ ጥቁር ናት፣ ብረት ናት፣ ከዘይት ሌላ የምትጠይቀው ነገር የለም። እንዴት አልቅናባት?»

 ኤርሲዶ ሰው ሲስቅበትም ሲሟገተውም ዓይኑን ወደ መርፌው ዝቅ ያደርጋል፤ መርፌው ደግሞ ሁልጊዜ ሥራ አለው።

ክፍሏ የእትዬ ጥሩወርቅ ናት። እትዬ ጥሩወርቅ ባላቸው ለመንግሥት ሥራ ከሸዋ ሲዛወሩ ተከትለው ጅማ የገቡ፣ ባላቸው ካረፉም በኋላ በዚያው የቀሩ፣ ዳግማዊ የሚባል አንድ ልጅ ያላቸው ሴት ናቸው። ዳግማዊ አዲስ አበባ አራት ዓመት ቆይቶ ተመለሰ። አራቱን ዓመት ምን ሲሠራ እንደከረመ የሚያውቅ አልነበረም። ሲመለስ ግን የሦስት ቀን ሥልጠና ሰርተፍኬት ይዞ ስለመጣ፣ ስለ አራቱ ዓመት የጠየቀው የለም። ሰርተፍኬቱ «የዘመናዊ ንግድ አመራር» ይላል። እትዬ ጥሩወርቅ በመስታወት አስገብተው ከባላቸው ፎቶግራፍ ጎን ሰቀሉት፤ ትንሽ ከፍ አድርገው።

አንድ ቀን ጠዋት ዳግማዊ የኤርሲዶን ክፍል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በእርምጃ ለካ።

«ጋሼ ኤርሲዶ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ምን ይታይዎታል?»

«ግድግዳ።»

«እኔ የሚታየኝ ብራንድ ነው።»

ኤርሲዶ ግድግዳውን እንደገና አየው። ጣሪያው ባፈሰሰ ጊዜ የቀረ የውሃ ምልክት ብቻ ነበር።

ዳግማዊ አብራራ። በግማሽ ዋጋ ልብስ የሚሸጥ ሱቅ ይከፈታል። አንድ ብቻ አይደለም፤ ቡና ባለበት ከተማ ሁሉ። ስሙ «ግማሽ ፋሽን» ነው። መፈክሩም ተዘጋጅቷል፦ «ሙሉ ሰው በግማሽ ዋጋ!»

«እኔስ?» አለ ኤርሲዶ።

«እርስዎ የጥራት ሥራ አስኪያጅ ይሆናሉ። ደመወዝ አለው። ክራባት አለው።»

«መኪናዬስ?»

ዳግማዊ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት። «እሷ መስኮቱ ላይ ትቀመጣለች። መንገደኛ ሲያያት ልብሱ እዚሁ በጥንቃቄ የተሰፋ ይመስለዋል።»

«ታዲያ እሰፋባታለሁ?»

«ኧረ በጭራሽ! ድምጿ ሙዚቃውን ይረብሻል።»

ኤርሲዶ ዓይኑን ወደ መርፌው ዝቅ አደረገ። በዚህ መካከል እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ገቡ። «ኤርሲዶ፣ ልጄን እሺ በለው» አሉ። «ሥልጠና ወስዷል።» ክፍሏ የእሳቸው፣ ልጁም የእሳቸው ስለሆነ «እሺ» ከማለት ሌላ የቀረ ቃል አልነበረም። ኤርሲዶ ግን አንድ ነገር መጠየቅ ነበረበት። ሦስት ጊዜ ሊናገር ጀምሮ ሦስት ጊዜ ዋጠው። በአራተኛው ወጣ።

«መኪናዬ መቼ ትመለስልኛለች?»

ዳግማዊ ከት ብሎ ሳቀ። «ልብሱ ሁሉ ተሸጦ፣ የመጨረሻዋ ካልሲ ከሱቁ ስትወጣ ይውሰዷት! እማዬ፣ ምስክር ነሽ።»

ልብስ በየሳምንቱ ስለሚጨመር እንዲህ ያለ ቀን አይመጣም ብሎ ነው የሳቀው። ኤርሲዶ ግን አልሳቀም። ቃሉን እንዳለ፣ አንዲት ፊደል ሳይጥል ያዘው።

ሱቁ የተከፈተው በኅዳር ነው። በኅዳር እሸት ቡና ይለቀማል፤ ከገጠር የሚመጣው ሰው ኪሱን በእጁ ደገፍ አድርጎ ነው የሚሄደው። ዳግማዊ ይህን እንደ ራሱ ብልሃት ቆጠረው። በመጀመሪያው ሳምንት የገባው ልብስ አለቀ። ኤርሲዶ ባዶውን መደርደሪያ አይቶ ወደ መኪናዋ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ሁለተኛውን ሳይራመድ ከአዲስ አበባው አከፋፋይ ሌላ ጭነት ደረሰ።

የጥራት ሥራ አስኪያጁ ሥራ ዋጋ መጻፍ ነበር። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ በመጀመሪያ ትልቅ ዋጋ ይጽፋል፣ በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዘዋል፣ ከሥሩ ትንሹን ይጽፋል።

«ዳግማዊ፣ በዚህ በሚሰረዘው ዋጋ የተሸጠው መቼ ነው?»

«ተሸጦ አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን እጽፈዋለሁ?»

«እንዲሰርዙት ነዋ!»

ስሕተት የማይወድ ሰው ለመሰረዝ ብሎ መጻፍ ይከብደዋል። ኤርሲዶ የሚሰረዘውን ዋጋ እንኳ በጥንቃቄ፣ ቁጥሩን ቀጥ አድርጎ ነበር የሚጽፈው፤ ዳግማዊ ሲያየው «ጋሼ፣ ለሚሞት ሰው ፀጉር ያበጥራሉ» እያለ ይስቅበታል።

ልብሱን ከውስጥ ገልብጦ ያየው እሱ ብቻ ነው። ስፌቱ እንደ ሐሜት ነበር፤ አንድ ጫፉ ከተያዘ እስከ መጨረሻው ይተረተራል። አንዱ ሱሪ የግራ እግሩ ረዝሟል፣ አንዱ ሸሚዝ የቁልፍ ቀዳዳ አለው ቁልፍ የለውም። ይህን በወረቀት ጽፎ ለዳግማዊ ሰጠው። ዳግማዊ አንብቦ «በጣም ጥሩ፤ ጥራቱን እየተከታተሉ ነው ማለት ነው» አለና ወረቀቱን ኪሱ ከተተው።

ከተማው ግን አበደ። በጥር ወር ጅማ ውስጥ ቢጫ ጃኬት ያልለበሰ ወጣት ማግኘት ከባድ ሆነ። እዚያው ከተማ መንደራ ቆጪ ሰፈር በተደረገ አንድ ሠርግ ሙሽራው፣ አራቱ ሚዜዎች፣ ካሜራ ያዡና ሰው ይዞ የመጣ የባጃጅ ሾፌር አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሱፍ ለብሰው ተገኙ። የሙሽሪት አክስት የባጃጁን ሾፌር አንገቱን አቅፈው እያለቀሱ «ልጃችንን አደራ» አሉት። ሾፌሩም አፍሮ «እሺ» አለ። ሙሽራው ሊያጎነብስ ሲል ሱሪው ከኋላ ተቀደደ፤ ጭብጨባው ግን ደምቆ ስለነበር የሰማ የለም።

ግማሽ ፋሽን መንደራ ቆጪ ሁለተኛ ሱቅ ከፈተ። ቀጥሎ አጋሮ። ቀጥሎ ሊሙ ገነት። በየምረቃው አንድ የተጋበዘ ባለሥልጣን ንግግር ያደርጋል፣ ሪባን ይቆርጣል። አጋሮ ላይ ሪባኑ ከሱቁ ጨርቅ የተቀደደ ስለነበር መቀሱ ሳይነካው ተተረተረ፤ ሕዝቡ ጥሩ ምልክት ነው ብሎ አጨበጨበ። መኪናዋም ወደየምረቃው ትወሰዳለች፤ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስራ፣ ኤርሲዶ ከሥሯ ተቀምጦ፣ በየጉድጓዱ «ቀስ! ቀስ!» እያለ።

በመጨረሻ መኪናዋ ሊሙ ገነት ቀረች። ኤርሲዶም አብሯት ቀረ። ከሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል ያድራል፣ በየሁለት ሳምንቱ ጊንጆ ሄዶ ሐዳሳን ያያል። መኪናዋ መስኮቱ ላይ፣ «አይነካም» ከሚል ወረቀት ጋር ተቀምጣለች። መርፌ አላት፤ ክር የላትም። ጠዋት ጠዋት ሻጯ ሩት ሳትመጣ ኤርሲዶ አቧራዋን ይጠርጋል፣ ዘይት ጠብ ያደርግላታል፣ ፔዳሏን አንድ ጊዜ ብቻ ረገጥ አድርጎ ያዳምጣል። ከዚያ ክራባቱን አስሮ በር ላይ ይቆማል።

በሁለተኛው ዓመት መጋቢት ላይ የቡናው ገንዘብ ነጠፈ። ሰው ሱቁ ገብቶ ያያል፣ ይዳስሳል፣ ይወጣል። ዳግማዊ ሰርተፍኬቱን ለማየት ይመስላል ሁለት ቀን ቤቱን ዘግቶ ሰነበተና አዲስ ሐሳብ ይዞ ሊሙ ገነት ደረሰ። ሐሳቡን በጥቁር ሰሌዳ ላይ አስጽፎት ነበር፦

«ሳምንታዊ ቅናሽ! ማንኛውም ጃኬት ስምንት መቶ ብር። ሌላውም ልብስ በዚያው ልክ። በየቅዳሜው ሃምሳ ብር ይቀንሳል!»

«በየቅዳሜው?» አለ ኤርሲዶ።

«በየቅዳሜው! ደንበኛ ዋጋ ሲወርድ ሲያይ ይሮጣል። ይሄ ሳይኮሎጂ ነው፣ ጋሼ።»

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ሰሌዳው በር ላይ በቆመበት የመጀመሪያ ቅዳሜ አባቦራ መጡ። አባቦራ ከከተማው ወጣ ብሎ ሰፊ የቡና ማሳ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ቦቲ ጫማ ያደርጋሉ፣ ፀሐይም ይሁን ዝናብ ጥቁር ጃንጥላ ይይዛሉ። በአካባቢው የቡና ዋጋ ግራ ሲያጋባ ሰው ሬዲዮ አይከፍትም፤ የአባቦራ ጎተራ ተከፍቷል ወይስ ተዘግቷል ብሎ ነው የሚያየው። እሳቸው ከሸጡ ይሸጣል፣ ካልሸጡ ይጠብቃል።

አባቦራ ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ኤርሲዶ፣ ይሄ ጃኬት ዛሬ ስንት ነው?»

«ስምንት መቶ።»

«የሚመጣው ቅዳሜስ?»

«ሰባት መቶ ሃምሳ።»

«ከዚያ ወዲያስ?»

«ሰባት መቶ።»

«ማን ነገረህ?»

«ተጽፏል። ድርጅቱ ራሱ ነው ያስጻፈው።»

አባቦራ ጃንጥላቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ወላሂ! ዕድሜዬን ሙሉ ቡና ስሸጥ የሚመጣውን ሳምንት ዋጋ ቀድሞ የነገረኝ ነጋዴ አላጋጠመኝም። አላህ ይስጠው፣ ደግ ልጅ ነው።» ሳቃቸውን ጠረጉና በኦሮምኛ «ሂን ጌኜ» አሉ። «ገና አልደረሰም።»

ሄዱ። ጃኬት ለክተው በመስታወት ራሳቸውን ሲያዩ የነበሩ ሦስት ሰዎች አውልቀው ሰቀሉና ተከተሏቸው።

ዳግማዊ የዘነጋው ይህን ነው። እሱ የቢሮ ሠራተኛ ልጅ ነው፤ አባቱ ደመወዝ በወሩ መጨረሻ ይቀበሉ ነበር፣ ሲቀበሉ ይገዛሉ። የሊሙ ሰው ግን ቡናውን ከነገለባው አድርቆ፣ ጀንፈል አድርጎ ጎተራ ከቶ፣ ዋጋው እስኪያምረው ዓመትም ይሁን ከዚያ በላይ በላዩ ላይ ተኝቶ መጠበቅ ከእናቱ ጡት ጋር የተማረው ነው። ጀንፈል ይዞ ዓመት የሚጠብቅ ሰው ጃኬት ሳይኖረው ሁለት ወር መጠበቅ ያቅተዋል? እንዲያውም ያስደስተዋል።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ በር ላይ ሕዝብ ይሰበሰባል። ኤርሲዶ ጠመኔ ይዞ ይወጣል። አሮጌውን ዋጋ ይጠርጋል፣ አዲሱን ይጽፋል። ሕዝቡ ወደ አባቦራ ዞር ይላል። አባቦራ አገጫቸውን ያሻሉ።

«ሂን ጌኜ።»

ሕዝቡ እፎይ ብሎ ይበተናል። ጊዜው እንደ በዓል ሆነ። በሰሌዳው ሥር ጥሬ ኦቾሎኒ የምትሸጥ ሴት ከግማሽ ፋሽን የበለጠ ሸጠች። ሁለት ሠርግ «ሱፉ እስኪደርስ» ተብሎ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

ዳግማዊ ላፕቶፑን አንግቶ መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ሰው በር ላይ ቆሞ ለምንድን ነው የማይገዛው?»

«እየጠበቀ ነው።»

«ምን?»

«እኛን።»

ዳግማዊ ላፕቶፑን ከፈተ፣ አየ፣ ዘጋ። «እንግዲያው በፍጥነት እንቀንስ» አለ። በየቅዳሜው ሃምሳ መቀነሱ ቀርቶ መቶ ሆነ። አባቦራ ይህን ሲሰሙ ለኤርሲዶ «ልጁ ቸኩሏል፤ የቸኮለ ሻጭ ደግሞ ሊወድቅ ነው» ብለው ቤታቸው ሄደው ተኙ።

ወሬው በየከተማው ደረሰ። አጋሮ ያለው ሰው የሊሙን ዋጋ በስልክ እየጠየቀ መግዛት አቆመ። የአጋሮው ሱቅ ተዘጋ። የመንደራ ቆጪው ተዘግቶ ጭማቂ ቤት ሆነ። የጊንጆውም ተከተለ። ከየሱቁ የተረፈው ልብስ ሁሉ ሊሙ ገነት መጥቶ ተከመረ፤ ኤርሲዶ በሱቁ ውስጥ በጎኑ ካልሆነ ማለፍ አቃተው፤ መኪናዋ በሱሪ ክምር ተከበበች።

ሐዳሳ ደወለች።

«ክፍሏ ባዶ ሆናለች። እትዬ ጥሩወርቅ ‹ኤርሲዶ መኪናውን ይዞ ከመጣ የእሱ ናት፤ ካልመጣ ስልክ ለሚጠግን ልጅ ላከራያት ነው› ብለዋል። ምን ልበላቸው?»

«እመጣለሁ በያቸው።»

«ከመጀመሪያዋ ጋር ነው ብቻህን?»

 የዚህ መልስ በሰኔ ሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን ከዳግማዊ በስልክ መጣ፤ እንደ ፈራውም ሆነ።

«ጋሼ፣ አለቀልን። አከፋፋዩ እሑድ ጠዋት አይሱዙ ይልካል። ውላችን እንደዚያ ነው፤ ሳይሸጥ የተረፈ ልብስ ከተገኘ በሱቁ ውስጥ ያለውን ሁሉ እንዳለ ይጭናል።»

«መኪናዬንም?»

«ሱቁ ውስጥ ናት አይደል?»

«የእኔ ናት እኮ።»

«እኔ አውቃለሁ። ግን ሲመዘገብ የሱቅ ማስጌጫ ተብላ ነው የተመዘገበችው።»

ኤርሲዶ ስልኩን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው አዛወረ። «ካልተረፈስ?»

«ምን?»

«አንድም ልብስ ካልተረፈ።»

ዳግማዊ እያዘነም ቢሆን ሳቀ። «ስድስት መቶ ልብስ አለ፣ ጋሼ! ካልተረፈማ የሚጫንም የለም፣ ይውሰዷት። ያኔም ብያለሁ፣ ቃሌ ቃል ነው። ለማንኛውም ቅዳሜ ጃኬቱን መቶ ብር ያድርጉት።»

ሐዳሳ ነገሩን ስትሰማ «ዛሬውኑ አውጣትና ና!» አለችው። እሱ ግን በሰው ፊት ቃል የተገባለትን ነገር ተደብቆ መውሰድ አልሆነለትም። ደግሞም ለብቻው አይችላትም፤ ከባድ ናት።

ዓርብ ከሰዓት ዝናብ ጣለ። አባቦራ ጃንጥላ እያላቸው ሱቁ በረንዳ ላይ ተጠለሉ፤ እግረ መንገዳቸውን ሰሌዳውን ለማየት ነው። ሰሌዳው ሁለት መቶ ይላል።

«ነገ መቶ ነው አይደል?» አሉ።

«እንደዚያ ተብሏል።»

«አልሐምዱሊላህ። እየደረሰ ነው።»

ኤርሲዶ ወንበር አወጣላቸው። 

«አባቦራ፣ ጀንፈልዎን ሸጡ እንዴ?»

«ገና ነው።»

«የቡና ገዥዎቹስ? እነሱ መቼ ነው የሚገዙት?»

አባቦራ ጃንጥላቸውን ወለሉ ላይ ቀጭ ቀጭ አደረጉ። «እሱን እንኳ ስንት ዓመት አየሁት። ዋጋ ሲወርድ ገዥ አይገዛም፤ እግሩን ሰቅሎ ነው የሚያየው። አንድ ጠዋት ዋጋው ወደ ላይ ነቅነቅ ሲል ግን፣ አንድ ብር ትሁን ብቻ፣ ያ ሁሉ ተኝቶ የከረመ ነጋዴ በሞተር ደጄን ይሞላል። ቡናውን አያይም፣ አይቀምስም። ‹ሳያመልጠኝ› ነው የሚለው። እኔ ራሴ በሬ ስገዛ እንደዚያው ነኝ» ብለው ሳቁ።

ኤርሲዶ እንደ ልማዱ ዓይኑን በመስኮቱ አሳልፎ ወደ መርፌው ዝቅ አደረገ። መርፌው ክር የለውም። ቀና ብሎ ሰሌዳውን አየ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ጠራ፤ ገበያው ሞላ። ኤርሲዶ ክራባቱን አሰረና ጠመኔ ይዞ ወጣ። ሁለት መቶውን ጠረገ።  ከዚያ ቁጥሩን ቀጥ አድርጎ ጻፈ፦ ሁለት መቶ ሃምሳ።

«ጋሼ!» አለች ሩት ከውስጥ ሮጣ ወጥታ። «ተሳስተዋል! መቶ ነው የተባለው!»

«አልተሳሳትኩም።»

«ጨምረዋል እኮ!»

«አዎ። ጨመረ።»

በሁለት ዓመት ውስጥ ሰው ሳያዘው የጻፈው የመጀመሪያ ዋጋ ነበር። ሕዝቡ ወደ አባቦራ ዞረ። አባቦራ ከኋላ ሰው እየገፉ መጡ፣ መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፣ አነበቡ።

«ባለፈው ቅዳሜ ሁለት መቶ አልነበረም?»

«ነበር።»

«ዛሬ ሁለት መቶ ሃምሳ?»

«ሁለት መቶ ሃምሳ።»

«እኩለ ቀን ላይስ?»

«ሦስት መቶ» አለ ኤርሲዶ። ይህን ሲናገር ዓይኑን ዝቅ አላደረገም።

«ማን አለ?»

«እኔ ነኝ የምጽፈው።»

አባቦራ ጠመኔውን አዩ፣ ኤርሲዶን አዩ። ከዚያ ጃንጥላቸውን ወደ ላይ አንስተው ጮኹ፦

«ጋቲን ኦል ከኤ! ዋጋው ተነሣ! ምን ትጠብቃላችሁ?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሩት እስከ ዛሬ ስትተርከው እጇን ታወናጭፋለች። ሕዝቡ በበሩ ብቻ ሳይሆን በመስኮቱም ገባ። የሚለካ የለም፣ የሚገለብጥ የለም፣ የሚከራከር የለም። አንድ መምህር ስድስት የሴት ጉርድ ተሸክሞ ወጣ፤ ሚስት አልነበረውም። አንዱ ሱሪውን ይዞ ሌላው እግሩን ይዞ ሲጓተቱ ሱሪው ለሁለት ተከፈለ፤ ሁለቱም ከፍለው ሄዱ። ሠርጋቸውን ካስተላለፉት አንዱ ሙሽራ ላብ በላብ ሆኖ «ሱፍ! ሱፍ ለሰባት ሰው!» ይል ነበር። በየመሐሉ ኤርሲዶ ይወጣና ይጽፋል። እኩለ ቀን ላይ ሦስት መቶ። ስምንት ሰዓት ላይ ሦስት መቶ ሃምሳ። በጻፈ ቁጥር ግፊያው ይብሳል። ከአጋሮ በሞተር የመጡ ነበሩ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሱቁ እንደ ተጠረገ አውድማ ሆነ። በመስኮቱ ላይ የልብስ ማሳያዋ አሻንጉሊትና መኪናዋ ብቻ ቀሩ። አሻንጉሊቷ ቢጫ ኮት ለብሳለች። አባቦራ ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሰው መጡ፤ እስከዚያ ድረስ በሁለት አህያ አርባ ጃኬት ጭነው ሄደዋል።

«ያቺ ኮት ስንት ናት?»

«አራት መቶ። ግን አባቦራ፣ አንዱ እጅጌ ከሌላው በአራት ጣት ያጥራል። ስፌቱም ጥሩ አይደለም። አርባውም ጥሩ አይደሉም። ጠዋት ልነግርዎ ሞክሬ ነበር፣ ግፊያው...»

«እለብሳታለሁ ያለህ ማን ነው?»

«ታዲያ ምን ያደርጉላታል?»

አባቦራ እንደ ሕፃን አዩት። «ጎተራ አስገባታለሁ፤ ከጀንፈሉ ጎን። ገና ይወጣል እኮ ይሄ ዋጋ!»

ከፈሉና ኮቷን ከአሻንጉሊቷ ላይ ራሳቸው አወለቁ። ሩት ወለሉን ስትጠርግ ከመኪናዋ ፔዳል ሥር አንዲት ካልሲ አገኘች። ጥንድ የሌላት፣ ግራጫ ካልሲ። ሁለቱ ተያዩ።

«ልጣላት?» አለች ሩት።

«የለም» አለ ኤርሲዶ። ከራሱ ኪስ ሙሉውን የካልሲ ዋጋ ከፈለ፣ ደረሰኝ አስቆረጠ፣ ደረሰኙን ሁለት ጊዜ አንብቦ አጠፈው።

እሑድ ጠዋት አይሱዙው መጣ። ሾፌሩ ባዶውን ሱቅ አየ፣ አከፋፋዩ ጋ ደወለ፣ «አንድም ልብስ የለም፣ ራቁቷን የቆመች አሻንጉሊትና አንዲት የስፌት መኪና ናቸው ያሉት» አለና ባዶውን ተመለሰ። ዳግማዊ ከጅማ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዞ ደረሰ። ኤርሲዶ ደረሰኙን ዘረጋለት። ዳግማዊ ግን ደረሰኙን አላየም፤ ሰሌዳውን ነበር የሚያየው። ዓይኑ ቀስ በቀስ ይበራ ጀመር።

«ጋሼ፣ ገባኝ! ስሕተታችን መቀነሳችን ነው! አዲስ ድርጅት እናቋቁማለን። ‹እጥፍ ፋሽን›! በየቅዳሜው እንጨምራለን! እርስዎ ዋና የዋጋ...»

ኤርሲዶ ክራባቱን ፈታ፣ አስተካክሎ አጠፈና እጁ ላይ አስቀመጠለት። «ይቺ የድርጅቱ ናት» አለው። «ያቺ ግን የእኔ ናት። በአንድ በኩል ያዝልኝ፣ ከባድ ናት።»

ሁለቱ ተሸክመው አወጧት።

ኤርሲዶ ዛሬም ጊንጆ ነው። ከበሩ በላይ ያለውን «ግማሽ ፋሽን» የሚል ማስታወቂያ አላወረደውም፤ የባጃጅ ተሳፋሪዎች «ግማሽ ጋ ወራጅ» ማለት ስለለመዱ እትዬ ጥሩወርቅ ይቆይ አሉ። ሥራ በዝቶለታል። የተቀደደ፣ የተተረተረ፣ ቁልፍ የሌለው ልብስ ይዞ የማይመጣ የለም፤ ሁሉም የሚያመጣው ቢጫ ወይም ሰማያዊ ነው። ሐዳሳ በር ላይ ተቀምጣ እየተቀበለች «ከሁለተኛዋ ሚስት ጀምሩ፣ የመጀመሪያዋ ሥራ ላይ ናት» ትላቸዋለች።

ባለፈው ሰሞን አባቦራ ለጉዳይ ጅማ መጥተው ጎራ አሉ። ጃንጥላቸውን በሩ ላይ አቆሙ። ኤርሲዶ ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው።

«አባቦራ፣ እነዚያን ጃኬቶች ያምጧቸው። ስፌታቸውን በነፃ አጠነክርልዎታለሁ። ከከነከኑኝ ቆዩ።»

«ተዋቸው፤ ጎተራ ውስጥ ምን ይነካቸዋል?» አሉ። ወደ ኤርሲዶ ጆሮ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ቀነሱ። «ይልቅ ንገረኝ። የጃኬት ዋጋ እዚህ ጅማ እንዴት ነው? ላውጣቸው እንዴ?»

ኤርሲዶ እውነቱን ለመናገር አፉን ከፈተ። የሽማግሌውን ፊት አየ፤ ተስፋ ሞልቶበታል። ዓይኑን ወደ መርፌው ዝቅ አደረገ። መርፌው አሁን ክር አለው።

«ሂን ጌኜ፣ አባቦራ» አለና ፔዳሉን ረገጠ።